በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ መጫኛ ሥፍራ አመራረጥ

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የተጀመረ የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የእርሱን አሠራር የሚከተለው ሊኑክስ ደግሞ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ አማካይነት ይፋ ሆኗል። ሊኑክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝና በርካታ የዓለም ሰርቨሮች የሚሠሩበት በመሆኑ፣ በመረጃ ቋት፣ በድረ ገጽና በኔትወርክ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ሊገለገሉበት ይፈልጋሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማቋረጡም፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ኮምፒውተሮች ላሏቸው መሥሪያ ቤቶች ሊኑክስን አንድ አማራጭ ያደርገዋል።

ከመጫኑ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ግን የሚጫንበት ሥፍራ ነው። ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሰነድ ደህንነትም ጭምር ነው። በተለምዶ የቢሮ ኮምፒውተር ዲስክ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ይከፈልና ዊንዶውስ በሲ፣ ሰነዶች ደግሞ በዲ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ሲጠቃ ወይም ሲበላሽ የጥገና ባለሙያው ሲን ፎርማት አድርጎ ዲን እንዳለ ይተዋል። ሊኑክስ በሲ ውስጥ ተጭኖ ከሆነ፣ ባለሙያውም ይህንን ካላወቀ፣ በውስጡ የተከማቸው ሥራ አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው አማራጭ በዊንዶውስ ውስጥ መጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ሲግዊን የዩኒክስ ዓይነት ትእዛዞችን በዊንዶውስ ላይ የሚያሠራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለሊኑክስ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን ግን እንዳሉ ማሠራት አይችልም። የሚቀመጥበት ፎልደር በመጫኛው ወቅት ሊመረጥ ይችላል፤ በፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ባይኖር ይመረጣል። ማይክሮሶፍት በ2016 ያቀረበው ዊንዶውስ ሰብሲስተም ፎር ሊኑክስ በበኩሉ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን በቀጥታ ያሠራል። ሁለተኛው ትውልዱ ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ የዲስክ ፋይል ውስጥ ያከማቻል። ይህም ፋይል ሥፍራው ካልተቀየረ በሲ ላይ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ሥር ይቀመጣል። ሊኑክሱ ከዝርዝሩ ሲሰረዝ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። በመሆኑም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ዲ ማዛወር ወይም በየጊዜው ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ያስፈልጋል። በሊኑክስ በኩል ተደጋግመው የሚነበቡ ፋይሎችን በሊኑክሱ ውስጥ ማስቀመጥ ሥራውን ያፋጥናል፤ በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ሥራው ይዘገያል።

ሁለተኛው አማራጭ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ባሉ ሶፍትዌሮች አማካይነት በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ ማሠራት ነው። ሙሉው ሊኑክስ በጥቂት ፋይሎች ውስጥ ስለሚቀመጥ ዲ ላይ ሊኖር፣ ሊገለበጥና ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊዛወር ይችላል። ዋናው ችግሩ ራምን ከዊንዶውስ ጋር የሚጋራ መሆኑ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ይጓተታሉ። ፋት 32 በተባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ዲስክም ከ4 ጊጋባይት ያነሰ እንጂ የበለጠ ፋይል ስለማይዝ ለዚህ አገልግሎት አይመችም።

ሦስተኛው አማራጭ ለሊኑክስ የራሱን የዲስክ ክፍል መስጠት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተጠቃሚው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሙሉ አቅም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ለኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። አደጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ዲስኩ እየተከፈለ ባለበት ወቅት መብራት ቢቋረጥ ሰነዶች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና ኮምፒውተሩን ከዩ.ፒ.ኤስ ጋር ማገናኘት የግድ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩ በእጅ መኖሩ ሊረጋገጥ፣ የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻም ሊዘጋ ይገባል። ሊኑክስ የዊንዶውስን ዲስክ ማንበብ ሲችል ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፍል በራሱ አያነብም። በዚህም ምክንያት ሁለቱም የሚገለገሉባቸው ሰነዶች በዲ ላይ ቢቀመጡ ይበጃል።

አራተኛው አማራጭ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሳይነኩ ሊኑክስን ከፍላሽ ዲስክ ማስነሳት ነው። ይህ ለሙከራ ተመራጭ ሲሆን፣ በልዩ ሁኔታ ካልተዘጋጀ በስተቀር የተሠራው ሥራ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለዘወትር ሥራ ከሆነ ከፍላሽ ይልቅ በውጭ የሚሰካ ኤስ.ኤስ.ዲ ዲስክ ይሻላል።

ከዚህ በመነሳት ሊኑክስን ለማየት ብቻ የሚፈልግ ሠራተኛ ፍላሽን፣ ትእዛዞችን ለመለማመድና አነስተኛ ፕሮግራሞችን ለመሥራት የሚፈልግ ሰብሲስተሙን፣ በቂ ራም ያለውና ሰርቨር መሰል ሙከራ የሚያካሂድ ደግሞ ቨርቹዋል ኮምፒውተርን ቢመርጥ ይስማማዋል። ዲስክን መክፈል የሚገባው ሊኑክስ የዕለት ተዕለት መሥሪያ ሲሆን ነው።

የትኛውም አማራጭ ቢወሰድ የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል ፈቃድ ማግኘትና ሊኑክሱ የተጫነበትን ሥፍራ በንብረት መዝገቡ ላይ ማስፈር ይገባል። ሠራተኛው ቢዛወር ወይም ኮምፒውተሩ ለጥገና ቢላክ፣ ተረካቢው ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ መዝገብ ነው።