ያበጠ ልጅ ወፈረ ማለት አይደለም

«ልጄ ፊቱ ሞላ» ብለን የምንደሰትበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ግን ፊቱን የሞላው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው።

በ1965 እና 66 ዓ.ም ድርቅ ሰብሉን ሲያጠፋው የወሎ ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ ደሴን ጨምሮ በአውራ ጎዳናው ላይ ወዳሉ ከተሞች ጎረፈ። ተሸፋፍኖ የቆየውን እልቂት በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም አሳየው። እንዲህ ባለ ረሃብ አንዱ ልጅ አጥንቱ ሲቀር ሌላው እግሩና ፊቱ ያብጣል። ለምን?

በደህናው ቀን ከምንበላው የተረፈውን ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስብ ከውኃ ጋር ስለማይስማማ በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም፤ ጉበት በፕሮቲን ጠቅልሎ ይልከዋል፣ ከቆዳ ሥርም ይከማቻል። ሲርበን ይህ ጎተራ ይከፈታል። የከሳው ልጅ ጎተራውን ጨርሷል። ያበጠው ልጅ ደግሞ ስቡን የሚያጓጉዝለት አጥቷል፤ ጉበቱ በስብ ይሞላል፣ እግሩ ውኃ ይቋጥራል። በሽታው ክዋሽዮርኮር ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ከጋና ቋንቋ ነው የወሰዱት፤ ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተነሳ ልጅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው። የእኛም እናቶች ያውቁታል።

ቀድሞ ሕክምናው ለሳምንታት ተኝቶ ነበር። እናት ሌሎቹን ልጆች ለማን ትተው? በ1995 ዓ.ም ድርቅ ግን በኮምቦልቻ አካባቢ ባለው ቃሉ ወረዳና በደሴ ዙሪያ ኮንሰርን የተባለው ድርጅት ከጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ፣ ሌላ ሕመም የሌለባቸውንና መብላት የሚችሉትን ልጆች እቤታቸው ማከም ጀመረ። መድኃኒቱ ከኦቾሎኒ፣ ከዘይት፣ ከስኳርና ከዱቄት ወተት የተሠራ ለጥፍ ነበር፤ ዛሬ ፕላምፒ ነት የምንለው። ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ከስብ ነው! ግን ፕሮቲኑም፣ ቫይታሚኑም፣ ማዕድኑም አብሮት አለ። ዘይት ብቻውን ቢጠጣ ያን አይሠራም።

እናንተስ? የልጁን ሁለት እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ጫን አድርጉ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ደከመ» ብላችሁ ሥጋና ቅቤ በብዛት አትስጡት፤ የተዳከመ ሰውነት ድንገተኛ ምግብ ሊገድለው ይችላል። አልበላም ካለ ወይም እብጠቱ ፊቱ ድረስ ከደረሰ ተኝቶ መታከም አለበት።