ሁለቱ ተረከዞች

ስሙኝማ! ሐምሌ ነው፤ የጭላሎ ተራራ እስከ አናቱ ጉም ለብሷል። አኮ (በአርሲ ሴት አያትን የምንጠራው እንዲህ ነው) ሌሊት ሽንት ቤት ሊወጡ ተነሡ። ልጆቹ ይነቃሉ ብለው ኩራዝ አልለኮሱም። ምርኩዝም አልነበራቸውም። ከራስጌያቸው የተሰቀለችው ሲንቄ ናት፤ ሲንቄ ደግሞ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት የክብር በትር ናት፤ ጠብ ይበርድባታል እንጂ ሰው አይደገፍባትም።

ደጃፉ ላይ ኮንጎ ጫማቸው ከዳቸው። ዘጭ!

ምራታቸው ኩራዝ ይዛ ስትወጣ የቀኝ እግራቸው ከግራው አጥሮ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረው አየች። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ወለምታ ነው፣ በቅቤ ይታሽ» አለ አንዱ። «እርጅና ነው፣ ይረፉበት» አለ ሌላው። እኔ ሁለተኛው ምክር ይብሳል ባይ ነኝ።

ጎህ ሲቀድ ወጌሻው መጣ። እርግጥ ነው፣ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ ደም ያገደ፣ የሰው እግር ያስቆረጠ ወጌሻ በአገራችን አለ። ይኼኛው ግን ሁለቱን ተረከዞች ጎን ለጎን አጋጠመና እጁን ሰበሰበ።

«ክንድ ቢሆን የኔ ነበር። ይኼ ሥጋ ውስጥ የተቀበረ አጥንት ነው፤ እጄ አይደርስበትም። አሰላ ውሰዷቸው።»

በእግሮቹ መሀል ትራስ ከትቶ፣ የተጎዳውን ከደህናው ጋር በነጠላ ላላ አድርጎ አሰረው። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አነሡ። ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ባበቀለ ምድር እግር አይታጣም፤ የአርሲ ጭቃ ግን ሯጭ አያውቅም።

አሰላ ራጅ ተነሡ። የጭናቸው አጥንት አንገቱ ላይ ተሰብሯል። አጥንቱ እዚያ ላይ ሲሰበር ወደ ጭኑ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል፤ ስለዚህ በዕድሜ ለገፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን አውጥተው በብረት ይተኩታል።

«በዚህ ዕድሜ ቢላ?» አለ ልጃቸው።

«እናንተ ቢላውን ትፈራላችሁ፤ እኔ አልጋውን ነው የምፈራው» አለ ሐኪሙ። ሳይነሡ ሲተኙ ጀርባ ይቆስላል፣ የሳንባ ምች ይይዛል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ቢቻል በሁለት ቀን ውስጥ መሠራት አለበት። በሬው ተሸጠ፤ ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ሄዱ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እንዲህ ያለው የዳሌ ስብራት እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስዊድን ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮም ስብራቱን በአገር አቀፍ መዝገብ ትከታተላለች። እኛ ዘንድ አኮ ወድቀው፣ ተኝተው፣ ሲያልፉ ለቅሶ ቤት «አርጅተው ነበር» ይባላል፤ በቃ።

የኛዋን አኮ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ደግፈው አቆሟቸው። እያለቀሱ ሦስት እርምጃ ሄዱ። ቤት ሲመለሱ ምራታቸው ደጃፉ ላይ ሻካራ ድንጋይ አንጥፋለች፣ ባትሪ ከትራሳቸው ሥር፣ ፖፖ ከአልጋው ሥር አኑራለች። በፖፖው ተቆጡ፤ ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ሌሊት ዘነበ፤ ዝም ብለው ተጠቀሙበት።

ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ሲነሡ የልጅ ልጃቸው ሲንቄዋን አወረደ። «እቺን ይደገፏት አኮ።»

«ኧረ ወዲያ! ሲንቄ ይደገፏታል እንዴ? መልሰህ ስቀላት። ሂድና ወይራ ቁረጥልኝ፤ ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ምታበት።»