የፎገራ እመጫትና የጡት ምክር

ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ በከብቱና በወተቱ ስመ ጥር አገር በመሆኑ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ገና የእናቱን ጡት ሳይዝ ለጋ ቅቤ ማስላስ፣ ቤቱ ካለው በረከት የተመረጠውን ለእንግዳው እንደ ማቅረብ ይቆጠር ነበር። «ማርያም ማርያም» እየተባለ ከተመሸ በኋላ እልልታው ሲሰማ፣ አማት ወይም የልምድ አዋላጂቱ አንጀቱ እንዲለሰልስ፣ ድምፁም እንዲያምር በማለት ይህን ታደርግ ነበር፤ በብዙ ቤትም ቢጫው የመጀመሪያ ወተት ሆድ ያማል ተብሎ መሬት ላይ ይታለብ ነበር። ጥጃው የእናቱን እንገር እንዲጠባ የሚተው ያው ባላገር፣ በሽታ መከላከያ የተሞላውን የሚስቱን እንገር ለገዛ ልጁ መንፈጉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በበጋ ሜዳው ሲግል ደግሞ ሕፃኑ ይጠማዋል ተብሎ ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ይሰጠዋል፤ ሆኖም ከእናት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውኃ ነው። ወንዞቹ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንዳደረጉት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ጎርፍ የገባበት የጕድጓድ ውኃ ለሕፃን አንጀት ምን እንደሚያመጣ ለፎገራ እናት መንገር አያሻም።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን ቢያሠለጥንም፣ ምክሩ እስከ እመጫቲቱ መደብ የደረሰው የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሲመደቡ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. የወሰነውን «ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ» የሚለውን ቃል ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የሚገጥማቸው ሥልጣን ግን የወላዲቱ ሳይሆን የአማቲቱ ነበር። አማቲቱን አስቀድማ ያከበረችና ያስረዳች መካሪ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ትምህርት የበለጠ ሠርታለች። በአገር አቀፍ ጥናት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 49 የነበሩት ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት በ2008 ዓ.ም. 58 ደርሰዋል።

የቀረው ችግር ከእምነት ይልቅ ከሥራ የመጣ ነው። «ወተቴ አይበቃውም» የምትለው እናት፣ ብዙ ጊዜ ከ1970ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው የሩዝ ማሳ ስታርም የምትውል፣ ሕፃኑን ከታላቁ ጋር ትታ ጡጦ የምታስይዝ ናት፤ ጡትም ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ዐዋጅ በወረታ ከተማ ደመወዝ ለምትበላዋ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጥቷታል፤ የማሳዋ እመጫት ግን ያላት፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስከ ክርስትና ድረስ ዘመድ ገንፎ እያገነፋ እንዲያርሳት ቤተ ክርስቲያንና ልማድ ያቆዩላት ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱንም አረሙ ሲበረታ ታሳጥረዋለች።