በአንድ ራስ ሁለት ልብ

በዱርቤቴ ገበያ በሬውን ሊሸጥ የወጣ ገበሬ ዋጋ ሲጠራለት «ሁለት ልብ ሆንሁ» ቢል የሚደነቅ የለም። አነጋገሩን የማመንታት ምሳሌ አድርገን እናልፈዋለን። ዳሩ ግን ነገሩ ከምሳሌ አልፎ በሐኪም ቢላዋ የተፈተነበት ጊዜ አለ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ቮገልና ቦገን የተባሉ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ያሠቃየውን አንድ የቀድሞ ወታደር ለመርዳት የአንጎሉን ቀኝና ግራ ክፍል የሚያገናኘውን የነርቭ ድልድይ ቈረጡት። በሽታው ቀለለለት። ሮጀር ስፔሪና ተማሪው ማይክል ጋዛኒጋ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን ሲመረምሩ ግን እንግዳ ነገር አገኙ። ከፊቱ በግራ በኩል ሥዕል ብልጭ ሲያደርጉለት የሕመምተኛው አፍ «ምንም አላየሁም» ይላል፤ ግራ እጁ ግን በሥዕሉ ያለውን ዕቃ ከብዙ ዕቃ መካከል ዳስሶ ያወጣል። ሥዕሉን ያየው ቀኙ አንጎል ሲሆን የሚናገረው ግራው ነውና። ስፔሪ በአንድ ራስ ሁለት ንቁ አእምሮ አለ እስከ ማለት ደረሰ፤ በ1981ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ2017 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው ፒንቶና ባልደረቦቹ በበኩላቸው፣ የሚታየው ቢከፈልም የሚያየው አንድ ነው ብለው ተከራከሩ።

የጎጃም ጉባኤ ቤት ተማሪ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት መሆኗን ይማራል። ሊቃውንቱ ማሰብንና መናገርን ለየብቻ መቍጠራቸውን እዚህ ላይ ልብ እንላለን። ያ ዝምተኛ ወገን ልብ አለው፤ ቃል ግን የለውም። የሚመሰክርለት አፍ ስላጣ ብቻ የለም ይባላልን? እኛ አንልም። ሁለተኛ ሰው ነው ለማለትም አንደፍርም፤ እነዚያ ሕሙማን ከምርመራው ክፍል ሲወጡ ሁለቱ እጆቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ተስማምተው ይሠሩ ነበርና።