ለረጅም የእግር ጉዞ ከሰውነት ጋር የሚስማማ የጀርባ ቦርሳ አመራረጥ

በእግር ለበርካታ ቀናት ለመጓዝ የሚዘጋጁ ሰዎች ቦርሳ ሲገዙ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሊቀድም የሚገባው ሌላ ነው። ቦርሳው ለተሸካሚው መስማማት አለመስማማቱን የሚወስነው የጀርባ ርዝመት ሲሆን፣ ይህም ከቁመት የተለየ ልኬት ነው። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ረጅም እግር፣ ሌላው ረጅም ጀርባ ሊኖረው ስለሚችል፣ ለአንዱ የተስማማው ቦርሳ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ልኬቱን ለመውሰድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ቀጥ ብለው ቆመው አንገትዎን ወደ ፊት ሲደፉ ከአንገትዎ ሥር ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት መነሻው ነው። በመቀጠል ሁለት እጆችዎን በወገብዎ ላይ አድርገው የዳሌ አጥንትዎን የላይኛውን ጠርዝ ይፈልጉ፤ አውራ ጣቶችዎ ከኋላ በኩል የሚያመለክቱት መስመር መድረሻው ይሆናል። ረዳትዎ ሜትሩን የጀርባዎን ቅርጽ አስከትሎ በማውረድ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። የተገኘውን ቁጥር በሴንቲ ሜትር ጽፈው ይያዙ። በቦርሳዎች ላይ የሚጻፈው «ትንሽ»፣ «መካከለኛ» እና «ትልቅ» የሚለው ምልክት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

የዚህ ልኬት አስፈላጊነት ከሸክሙ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። በሚገባ በተስማማ ቦርሳ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው በወገብ ቀበቶው አማካይነት በዳሌ አጥንት ላይ ነው። ቦርሳው ካጠረ ቀበቶው ወደ ሆድ ይወጣና ሸክሙ በሙሉ ወደ ትከሻ ይዞራል። ከረዘመ ደግሞ ማንገቻው ከትከሻ ላይ ይነሣል፤ ሸክሙም ተጓዡን ወደ ኋላ ይስበዋል። ትከሻን ለረጅም ሰዓት የሚጫን ማንገቻ ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ሊጎዳ ስለሚችል እጅ ይደነዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ኃይል ያጣል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር ወደ ግጭና ጨነቅ የሚወስደው የእግር መንገድ በየስፍራው ከገደል አፋፍ አጠገብ ያልፋል። በዚያ ቦታ የሚወዛወዝ ሸክም ከምቾት ያለፈ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

በሱቅ ውስጥ ቦርሳውን ባዶውን አይሞክሩት፤ ባዶ ቦርሳ ለሁሉም ሰው ልክ ነው። ከ8 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ይጨምሩበት። ማሰሪያዎቹን በሙሉ ካላሉ በኋላ በመጀመሪያ የወገብ ቀበቶውን በዳሌ አጥንትዎ ላይ ያጥብቁ፤ ከዚያም ማንገቻዎቹን፣ በመጨረሻም የደረቱን ማሰሪያ። ለጥቂት ደቂቃዎች ይራመዱ፤ ደረጃ ካለም ይውጡ፣ ይውረዱ። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሱቅ መፈለግ ይሻላል።

ያገለገለ ቦርሳ የሚገዙ ሰዎች ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ፣ ዘለበቶቹንና በጀርባው በኩል ያለውን የብረት ወይም የፕላስቲክ ድጋፍ በጥንቃቄ ሊመለከቱ ይገባል። የተሰበረ ዘለበት መለወጥና የተተረተረ ስፌት መጠገን ለቦርሳ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። የጀርባውን ርዝመት መለወጥ ግን ድጋፉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ አይቻልም፤ ስለዚህ በዋጋው ርካሽነት ብቻ ልክዎ ያልሆነውን አይግዙ። አንድን ቦርሳ የቤተሰብ አባላት በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ማንገቻው ከፍና ዝቅ የሚል ቢመረጥ ይመከራል። በትእዛዝ የሚያሰፉም ልኬታቸውን ለሰፊው በቁጥር ይስጡ፤ ቀበቶው ስፖንጅ ያለውና ከጀርባው ድጋፍ ጋር የተያያዘ እንዲሆን ያሳስቡ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ድንኳንና ምግብ ራሱ ለሚሸከም ተጓዥ ከ50 እስከ 65 ሊትር፣ ጓዙን በበቅሎ ለሚያስጭን ደግሞ ከ25 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ በአብዛኛው ይበቃል። ጠቅላላው ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛውን ባያልፍ ይመረጣል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 12 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም መሆኑ አይዘንጋ። የጀርባ ወይም የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዙ ሰዎች ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለ ወቅታዊው ሁኔታ መጠየቅ፣ መመዝገብና የመግቢያ ክፍያ መፈጸም ይኖርባቸዋል። አብሮ የሚመደበው ስካውት ለደኅንነት የቆመ እንጂ ጓዝ ተሸካሚ አይደለም። በቅሎ የተከራዩም ቢሆኑ የዝናብ ልብስ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስና ውኃ በራሳቸው ጀርባ ሊይዙ ይገባል፤ በቅሎዎቹ ብዙ ጊዜ ቀድመው ስለሚሄዱ ጓዙ የሚገኘው ምሽት ላይ በሰፈሩ ነው። በበቅሎ የሚጫነውን ቦርሳ ማሰሪያዎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በጆንያ መክተት ገመዱ እንዳይቆርጣቸው ይረዳል።