አክሰሰሪ፦ መለዋወጫ ወይስ ተጓዳኝ ዕቃ?

«አክሰሰሪ» በኮምፒውተር ገበያ ከዋናው መሣሪያ ጎን ሆኖ የሚያገለግል፣ ባይኖር ግን ዋናውን መሣሪያ ሥራ የማያስፈታ ዕቃ የሚጠራበት ስም ነው። የላፕቶፕ ቦርሳ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ፍላሽ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚሰካ ማውስ ሁሉ በዚህ ስም ሥር ይገባሉ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ሻጩም ገዢውም እንዳለ ይጠሩታል። ችግር የመጣው ወደ አማርኛ ልመልሰው ያለው ሰው «መለዋወጫ» ሲለው ነው።

በሐዋሳ መሃል ከተማ የሱቅ ታፔላ በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይጻፋል። የእንግሊዝኛው መስመር «ኮምፒውተርና አክሰሰሪ» ሲል የአማርኛው «ኮምፒውተርና መለዋወጫ» ካለ፣ ሱቁ ሁለት የተለያዩ ሱቆች ሆነ ማለት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩት ማውስ፣ ኬብል፣ ፍላሽና ቦርሳ ናቸው። እውነተኛው መለዋወጫ ያለው ከበስተኋላ፣ ጠጋኙ የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሞቱ ላፕቶፖች ተደራርበው፣ ከአንዱ ስክሪን፣ ከሌላው ማራገቢያ፣ ከሦስተኛው ማጠፊያ እየተፈታ ለሕያው የሚሰጥበት ቦታ።

«መለዋወጫ» ራሱ የሚነቀፍ ቃል አይደለም፤ እንዲያውም አማርኛ ካወጣቸው ምርጥ የሙያ ቃላት ይቆጠራል። ግሡ ለወጠ ነው። የድርጊቱን መደጋገም ለማሳየት መካከለኛው ፊደል ይደገምና ለዋወጠ ይሆናል። ከፊቱ «መ»፣ ከኋላው «ያ» ሲታከልበት የመሣሪያ ስም ይወጣዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ጠ» ከ«ያ» ጋር ተዋሕዶ «ጫ» ይሆናል። ቈረጠ መቁረጫን፣ ከፈተ መክፈቻን የወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንዲህ የተሠራ ስም ሥራውን ሳይጠየቅ ይናገራል፤ መክፈቻ ይከፍትበታል፣ መለዋወጫ ይለዋወጥበታል። የመኪና ነጋዴዎች ይህን ልዩነት ጠብቀው ቆይተዋል፤ ፍሬን ሸራና ፊልትሮ መለዋወጫ ነው፣ የወንበር ልብስና የመስታወት ላይ ማንጠልጠያ የመኪና ጌጣጌጥ ነው። ፍሬን ሸራ እገዛለሁ ብሎ ጌጣጌጥ ቤት የሚገባ ሹፌር የለም።

ስሕተቱ የተስፋፋው በትርጉም መሣሪያዎች በኩል ይመስላል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ቃላቱን ይዞ የወጣው ባለሙያ ተመካክሮባቸው ነበር። የጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016 ካካተተ ወዲህ ግን አንድ ነጋዴ ታፔላ ለማጻፍ ሲፈልግ ስልኩን ማየት ይበቃዋል። የመጣለት ቃል የታወቀ የአማርኛ ቃል ስለሆነ አይጠረጥረውም። ባዕድ ቃል ቢሆን ኖሮ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም፤ አላግባብ የገባ የራስ ቃል ግን ጠያቂ የለውም። አንዱን ነገር ሳይሰይም የሌላውን ስም ያደበዝዛል።

ጉዳቱ የሚታየው በመሥሪያ ቤት ግዥ ላይ ነው። የግዥ ሠራተኛ «የኮምፒውተር መለዋወጫ» ብሎ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ቢሰበስብ፣ አንዱ የማውስና የኪቦርድ፣ ሌላው የራምና የሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ድብልቅ ዋጋ ሊልክለት ይችላል። ሦስቱ ወረቀቶች አይወዳደሩም። ዕቃዎቹም የሚመረጡበት መንገድ ለየቅል ነው። መለዋወጫ ልክ ይፈልጋል፤ ዲዲአር ሦስት ራም ባለ 240 እግር፣ ዲዲአር አራት ባለ 288 እግር ስለሆነ በዴስክቶፕ ላይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የዩኤስቢ ማውስ ግን ቀዳዳው እስካለ ድረስ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው በሞዴል ቁጥር፣ ሁለተኛው በእጅ ተሞክሮ ይገዛል።

ታዲያ ምን ይባል? «ጌጣጌጥ» ከመኪናው መንደር ተውሶ ለቦርሳ ሊያገለግል ቢችልም ፍላሽን ጌጥ ማለት ቀልድ ይሆናል። «ተጨማሪ ዕቃ» ስሕተት የለበትም፤ ምንም ነገር ግን አይለይም፣ ሁለተኛ ኮምፒውተርም ተጨማሪ ዕቃ ነው። «አባሪ» ቆንጆ ቃል ነበር፤ መዝገብ ቤት ቀድሞ ወስዶታል፣ ከደብዳቤ ጋር የሚያያዝ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል፣ ኢሜይልም ከዚያው ወርሶታል። «ተቀጥላ» ከቀጠለ የወጣ ስለሆነ በትርጉም ይቀርባል፤ ይሁንና ገበሬው ተቀጥላ የሚለው በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ዛፉን የሚመጥጥ ተክል ነው፣ በፖለቲካም ስድብ ሆኗል። ማውስ ከኮምፒውተሩ ኃይል መምጠጡ ባይካድም ስሙ ይከብደዋል። «አጋዥ» ከሁሉም ይሻላል፤ ተማሪው «አጋዥ መጽሐፍ» ሲል ዋናው መጽሐፍ ሌላ መሆኑን ያውቃል። ጉድለቱ ለቦርሳና ለሽፋን አለመስማማቱ ነው፤ እነዚህ ይጠብቃሉ እንጂ አያግዙም።

የሚመረጠው «ተጓዳኝ» ነው። ተጎዳኘ ማለት ጎን ለጎን ሆነ፣ ተያያዘ ነው፤ መምህራን «የጉድኝት ማዕከል» ሲሉ በአንድ የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶችን ያስባሉ። ቃሉ ስለ ጥቅም ሳይሆን ስለ ቦታ ይናገራል፤ ከዋናው ጎን ያለ ማለት ነው። ስለዚህ ቦርሳውንም፣ ኬብሉንም፣ ማዳመጫውንም ይይዛል። ፕሪንተርና ስካነር ሲሆኑ «ተጓዳኝ መሣሪያ»፣ ሌላው «ተጓዳኝ ዕቃ» ተብሎ ሊከፈልም ይችላል። በኮቪድ ጊዜ «ተጓዳኝ በሽታ» በየዜናው ስለተሰማ ቃሉ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል የሚል ቅሬታ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን እዚያም የያዘው ይኸንኑ ፍቺ ነው፤ በዋናው ሕመም ላይ የተደረበ እንጂ ዋናውን የተካ አይደለም።

እንደ አክሰሰሪ ከእንግሊዝኛ ስለተወሰዱት ስለ «ሃርድዌር» እና «ሶፍትዌር» ግን ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሁለተኛውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ ያሰፈረው አሜሪካዊው የሒሳብና ስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ነው፤ «ሃርድዌር» ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት የብረታ ብረት ሸቀጥ ስም ነበር። እንግሊዝኛው ራሱ በጥንካሬና በልስላሴ የተጫወተበትን ቃል በቃል አምጥቶ «ለስላሳ ዕቃ» ማለት ካፌ ገብቶ ሚሪንዳ ማዘዝ ነው። ሁለቱ በውሰት መኖራቸው ማንንም አላሳሳተም። አማርኛ ጉልበቱን ያሳየው በዙሪያቸው ነው፤ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ይራገፋል፤ እነዚህን ግሦች ኮሚቴ አልደነገጋቸውም። «መተግበሪያ»ም ከባንኮች ማስታወቂያ አልፎ ከሰው አፍ ገብቷል። በአንጻሩ በስልክና በኮምፒውተር ገጾች ላይ ለፕሪንተር የተሰጠው «አታሚ» ሰውን ወይም ድርጅትን የሚያመለክት ቃል ነው፤ መሣሪያው «ማተሚያ» መባል ነበረበት።

ሶፍትዌር በሚመረጥበት ጊዜም ተጓዳኝነት አለ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ፊደል ይዞ ስለመጣ ለአማርኛ ጽሕፈት ሌላ ነገር መግዛት ግዴታ አይደለም። የዩኒኮድ ሥርዓት ከመስፋፋቱ በፊት በተሠሩ የግእዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ያሉት መሥሪያ ቤት ግን የድሮዎቹን ፊደላት አብሮ ያስጭናል። ሲዳምኛ በላቲን ስለሚጻፍ ይህ ጣጣ የለበትም።

አከራካሪ ሆነው የሚቀሩት ቻርጀርና ባትሪ ናቸው። ብዙ ሱቆች ቻርጀርን ከማውስ ጋር ይሰቅሉታል። ሆኖም ላፕቶፕ ያለ ቻርጀር ከጥቂት ሰዓት በላይ አይዘልቅም፤ አዲሱም የሚገዛው አሮጌው ሲሞት ነው፤ ቮልቱ ከአሮጌው እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ፣ ጫፉም የሚገጥም መሆን አለበት። ስለዚህ በግዥ መጠየቂያው ላይ የሚሰፍረው ከመለዋወጫ ረድፍ ነው። ከላፕቶፑ ውስጥ የሚገባው ባትሪም እንዲሁ፤ ለስልክና ለላፕቶፕ በኪስ የሚያዘው ፓወር ባንክ ግን ተጓዳኝ ዕቃ ነው።