አረፋ የማያበዛው ዘይት፦ ጉሎና ጎመንዘር ለኢንዱስትሪ ሰርፋክታንት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ቀለም የሚያመርት ፋብሪካም ሆነ ፈሳሽ ሳሙና በበርሜል የሚበጠብጥ አነስተኛ ድርጅት ያለ ሰርፋክታንት ሥራ አይጀምርም። የዚህ ኬሚካል ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውኃ፣ ሌላው ጫፍ ዘይት ይወዳል፤ ስለዚህም ሁለቱን ያስታርቃል። የሳሙና አምራቾቹ የሚገዙት ሰልፎኒክ አሲድና ቴክሳፖን በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። የመጀመሪያው መነሻው ነዳጅ ዘይት ነው፤ የሁለተኛው በአብዛኛው የኮኮናት ወይም የፓልም አስኳል ዘይት ነው።

የቅባት እህል በሞላበት አገር ይህ ለምን ሆነ? መልሱ በካርቦን ሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ነው። ጥሩ አረፋ የሚሰጠው 12 ካርቦን ያለው ላውሪክ አሲድ ሲሆን፣ ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ እርሱ ነው። የእኛ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ተልባ ዘይት ግን በዋናነት 18 ካርቦን ያላቸውን አሲዶች ይዟል። የኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይሻግታል። ከዚያ በላይ ኑግ ምግብ ነው፤ የምግብ ዘይት በተወደደበት አገር ከድስት ቀንሶ ወደ በርሜል መገልበጥን አልደግፍም።

ስለዚህ አረፋን ማሳደድ ትተን 18 ካርቦን የሚሻለውን ሥራ መፈለግ ይኖርብናል። እዚህ ላይ ጉሎ ይመጣል። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ ፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ከዘይቱም ከ85 እስከ 90 በመቶው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በሰንሰለቱ መካከል የሃይድሮክሲል ቡድን ይዟል፤ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያያዘው በዚያ ነው። አሠራሩ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ይታወቃል። አሲዱ በዝግታ ይጨመራል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ በማቀዝቀዝ ያለማቋረጥ ይማሰላል፤ ትርፉ አሲድ በጨው ውኃ ይታጠባል፤ በመጨረሻም በኮስቲክ ሶዳ ገለልተኛ ይደረጋል። ግዙፍ ማማ፣ ከፍተኛ ግፊት ወይም ውድ ካታሊስት አይጠይቅም። አሲድ የማይበላው ጋን፣ ማቀዝቀዣና ጥንቁቅ ሠራተኛ ይበቃሉ።

ገበያውም ሩቅ አይደለም። በክሮም የተለፋ ቆዳ ዘይት ካልጠጣ ደርቆ እንደ ጣውላ ይሆናል። ሰልፌት የሆነው የጉሎ ዘይት በውኃ ተበትኖ ወደ ቆዳው ቃጫ ይገባል፤ ፎርሚክ አሲድ ሲጨመር ኢመልሽኑ ይፈርስና ዘይቱ እዚያው ይቀራል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳ ወጪ ንግድ ላይ ከባድ ቀረጥ የጣለው ቆዳው እዚሁ ተለፍቶ እንዲጠናቀቅ ነበር። ቆዳው ሲጠናቀቅ የሚጠጣው ዘይት ከውጭ ከመጣ ግን የፖሊሲው ትርፍ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ስለ ግብዓቶቹም ሰልፈሪክ አሲድ በአዋሽ መልካሳ ይመረት እንደነበር፣ ሶዳ አሽም ከአብያታ ሐይቅ እንደሚገኝ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሶዳ አሽ ከኖራ ጋር ሲፈላ ኮስቲክ ሶዳ ይሰጣል።

ጎመንዘር ደግሞ 22 ካርቦን ያለው ኢሩሲክ አሲድ በብዛት አለው፤ ነባሮቹ ዝርያዎች ወደ 40 በመቶ ይደርሳሉ። ለምግብነት የሚያስነቅፈው ይኸው ረጅም ጭራ ለነዳጅ ጉድጓድ ሥራ የሚውሉ፣ ውኃን እንደ ሙጫ የሚያወፍሩ ሰርፋክታንቶች መነሻ ነው። ለቀለም ፋብሪካዎች ደግሞ ከአኩሪ አተር ዘይት ማጣሪያ የሚተርፈው ሌሲቲን የቀለሙን ዱቄት በእኩል ይበትናል።

ችግሩ ኬሚስትሪው ላይ አይደለም፤ የፍሬው አቅርቦት ላይ ነው። ለባዮዲዝል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ በወላይታ ለገበሬዎች የተሰጠው ጉሎ አልዘለቀም፤ ዘይቱ ከናፍጣ ጋር በዋጋ መወዳደር ነበረበትና። የቆዳ ዘይት ግን ከናፍጣ በላይ በሆነ ዋጋ ይሸጣል፤ ለገበሬውም የተሻለ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ፋጉሎው ሪሲን የተባለ መርዝ ስላለበት በሙቀት ሳይመክን ለከብት እንዳይቀርብ መጠንቀቅ ግድ ነው።

ፋብሪካ ከመትከል በፊት የቆዳ ፋብሪካዎች በዓመት ምን ያህል የቆዳ ዘይት እንደሚገዙ ተደምሮ ይታወቅ፤ ከዚያም ገበሬው ዘር ከመዝራቱ በፊት ዋጋው የተጻፈበት ውል በእጁ ይግባ።